ለእንግዳው ቅድሚያ ስጪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

የራስሽን ድርጅት ከፍተሽ ወደ ነጋዴዎች የትውውቅ መድረክ መሄድ ልትጀምሪ ነው። ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ ግብር የሚመክርሽ አይጠፋም። የእኔ አደራ አንድ ነው፤ በስብሰባው ማንንም የማያውቅ ሰው ስታዪ ቀድመሽ አናግሪው። ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ጨዋነቱን ከቤት ይዘሽ ወጥተሻል። ከዚያ አዳራሽ የምታገኚው ጥቅም በአብዛኛው ያለው እንግዳው ዘንድ ስለሆነ ነው።

እንዲህ ያለ መድረክ የሚዘጋጀው የማይተዋወቁ እንዲተዋወቁ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ፖል ኢንግራምና ማይክል ሞሪስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ መቶ የሚጠጉ የንግድ ሰዎች ማን ከማን ጋር እንዳወራ የሚመዘግብ መሣሪያ አድርገው ግብዣ ላይ ተገኙ። አብዛኞቹ አስቀድመው ሲጠየቁ ዓላማቸው አዲስ ሰው መተዋወቅ እንደሆነ ተናግረው ነበር። መዝገቡ ግን ይበልጥ ያወሩት ከሚያውቋቸው ጋር መሆኑን አሳየ። ክፋት አይደለም፤ እግራችን የሚያመራው የምናውቀው ፊት ወዳለበት ነው። እንግዳውን ብቻውን የሚያስቀረው ጥላቻ ሳይሆን ይህ ልማድ በመሆኑ፣ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ሆን ብሎ ከወዳጆች ክብ መውጣት ያስፈልጋል።

ምን ይጠቅመኛል ትይኝ ይሆናል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ በቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኒውተን በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን፣ የጠቆማችሁን ሰው ያኔ ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠይቋል። አዘውትረን ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 27.8 በመቶው በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ባነሰ ነበር፤ የቀሩት አልፎ አልፎ። የቅርብ ወዳጅ የሚሰማው አንቺ የምትሰሚውን ነው፤ ሩቅ ያለው ግን ከሌላ መንደር ወሬ ያመጣል። ጥናቱ ስለ ሥራ ቅጥር ቢሆንም የጨረታ፣ የዕቃ አቅራቢና የገበያ ወሬም የሚጓዘው በዚያው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያላወቁትን ሰው ማቅረብ አደጋ አለው የሚሉሽ ይኖራሉ። ዕቁብ እንኳ ዋስ ይጠይቃል ይሉሻል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋስ የሚጠየቀው ብር ለሚወስድ እንጂ ለሚጨባበጥ አይደለም። ዱቤ ለመስጠትና ለመሻረክ ጊዜ ውሰጂ፣ አጣሪ። ሰላምታውን ግን አታዘግዪ፤ ያላናገርሽውን ሰው ታማኝነት የምታውቂበት መንገድ የለሽምና። እኔ ራሴ አዲስ ነኝ፣ መቀበል የአዘጋጁ ሥራ ነው የሚለውም አያስኬድም። አዘጋጁ በር ላይ ስም ሲመዘግብ፣ ድምፅ ማጉያ ሲያስተካክል ያመሻል። አንቺ ደግሞ አዲስ በመሆንሽ የእንግዳውን ጭንቀት ከማንም ይልቅ ታውቂዋለሽ።

አቀባበሉ በፈገግታና ቢዝነስ ካርድ በመለዋወጥ አይለቅ። ምን እንደሚሠራና ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠይቂው፤ ከዚያ ከሚጠቅመው አንድ ሰው ጋር የሁለቱንም ሥራ ጠርተሽ አገናኚው፦ «እኚህ ሰው ቆዳ ያለፋሉ፤ እርስዎ ደግሞ ጫማ ያመርታሉ።» ወሬ መሐል ከገባ የተጀመረውን ጉዳይ በአጭሩ ንገሪው፤ የማያውቀው ቀልድ ላይ አታስቁሚው። በሳምንቱ ደውዪለት፤ ዳግመኛ ሲመጣም ስሙን ጠርተሽ ተቀበዪው።

አባትሽ