ሳነቴን በደብል ጋቢና

የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ደሎ መና ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በሮቤ አልፎ ጎባ መግባት፣ ከዚያም የሳነቴን አምባ መሻገር ያስፈልጋል። መኪና ለመግዛት ስንነሳ ባለቤቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እማዬ ደጅ የሚያደርስ ይሁን።»

እኔ ደግሞ ልቤ ያረፈው ደብል ጋቢና ላይ ነበር። ቤተሰብ ይይዛል፣ ከኋላ ጤፍም ቡናም ይጭናል፣ መንገድ ሲበላሽ አራቱም እግሩ ይጎትታል። ሦስት ያህል አይተን በመጨረሻ አንድ ያገለገለ ሃይሉክስ ገዛን። ስገዛ ሞተሩን አስነስቼ አዳመጥኩ፣ መካኒክ ይዤ ሻንሲውን ከሥር አሳየሁ፣ ባሌስትራውን አስፈተሽኩ። ያላደረግሁት ነገር ቢኖር የኋላ ወንበር ላይ ራሴ አለመቀመጤ ነው። የደብል ጋቢና የኋላ መደገፊያ ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበትም ከፊተኛው ወንበር ጋር ይጋጠማል። ይህን የሚያውቀው አሥር ሰዓት ሙሉ የተቀመጠበት ሰው ነው።

ሌላም ችግር ነበር። እኛ ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አባቴ፣ ሁለት ወንዶችና ትንሿ ልጃችን። መኪናው የሚይዘው አምስት ሰው ነው። ምን አደረግሁ? ጋራዥ ወስጄ የጭነት ቦታው ላይ ባለመስኮት የላሜራ ጣሪያ አሠራሁ፤ ከውስጥ ደግሞ ስፖንጅ የለበሰ የብረት አግዳሚ አስበየድኩ። አንዱን ልጅ ብቻውን ከምናስቀምጠው ብለን ሁለቱ ወንዶች አብረው ከኋላ እንዲሆኑ ወሰንን። እነሱማ ጎጆ የወጡ ያህል ደስ አላቸው። አባቴ ግን አግዳሚውን በከዘራቸው ቆርቆር አደረጉና «ልጅ ዕቃ ነው እንዴ?» አሉ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የሽማግሌ ስጋት ነው ብዬ አለፍኩት።

የጥምቀት ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ሲዘጋ፣ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ዝዋይ ላይ ቁርስ ስንበላ ትንሹ ወንድ ልጄ ራሴን አመመኝ አለ። ርቦት ነው አልኩ። ሻሸመኔ ስንደርስ የኋላውን በር ብከፍተው ትልቁ ደንዝዞ ተቀምጧል፤ ትንሹ አስመልሶታል። ባለቤቴ ምግቡን ጠረጠረች። አባቴ ግን ጎንበስ ብለው የልጁን ሹራብ አሸተቱና «ናፍታ ናፍታ ይላል፤ ጭስ ነው የጠጡት» አሉ።

በኋላ ሐኪምም መካኒክም ጠይቄ ነገሩ ገባኝ። መኪና ወደ ፊት ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፤ ከማርሚታው የወጣው ጭስም ወደዚያው ይሳባል። እኔ አየር እንዲያገኙ ብዬ የኋላውን መስኮት ከፍቼላቸው ነበር። ጭሱ የገባው በዚያው ነው። ከጭሱ ጋር ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። ሁለት ልጆች ተደጋግፈው ሲተኙ የሚያይ ወላጅ ደግሞ ደከማቸው ብሎ ነው የሚያልፈው። ይህን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል። ለነገሩ ጭሱ ባይኖር እንኳ ድንገት መኪናው ቢገለበጥ እዚያ ውስጥ የሚይዛቸው ቀበቶ አልነበረም።

ልጆቹን አውርደን ንጹሕ አየር አገኙ፣ ሐኪም አያቸው፣ አረፉ፣ ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም። አባቴ ትልቁን ልጅ ይዘው በአውቶቡስ ጎባ ገቡ፤ እኛ በመኪናው ደረስን። ማታ አልጋ በያዝንበት ቤት ባለቤቴ ለብቻዬ ጠራችኝና «ነገ በአውቶቡስ የምሄደው እኔ ነኝ» አለችኝ። «አባባ ያንን ተራራ በጎልማሳነታቸው ጭነት ይዘው ተመላልሰውበታል፤ መንገዱን ሁሉ ሲያወሩለት የመጡት እሱን ነው። ፊት ወንበር ላይ ሆነው ይዩት።»

በማግሥቱ ጎባ ላይ ናፍታ ሞልተን ሽቅብ ጀመርን። መንገዱ ጠጠር ነው። ዛፉ እያጠረ፣ እየሳሳ ሄዶ አስታው ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ እሱም ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። አባቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዝም ብለው ያያሉ። ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ቱሉ ዲምቱ በስተቀኛችን ታየ፤ 4,377 ሜትር ነው፣ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮዋን ያየችው ትንሿ ልጄ ናት። አንገቷን ደፍታ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጣ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እዚሁ ባሌ ናቸው ብላት «ታዲያ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በመኪና መቸኮል የሚያስነውርበት ቦታ ነው።

ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ሲመጣ ከሥራችን የሐረና ጫካ በጉም ተሸፍኖ ተኝቷል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እኔ ሁለት ጥምዝ በፍሬን ብቻ ወረድኩና የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። አባቴ እጃቸውን ማርሹ ላይ ጣል አድርገው «የፍሬን ሸራውን ልትጨርሰው ነው። ቁም» አሉ። አቆምኩ። አራቱን እግር አስገባሁ፣ ወደ ከባዱ ማርሽ አወረድኩት፤ እግሬን ከፍሬኑ ሳነሳ መኪናው በሞተሩ ተይዞ እንደ በቅሎ ዝግ ብሎ ወረደ። «ይኸው፤ ለዚህ ነው የተሠራው» አሉ። አስፋልት ስንደርስ አራቱን እግር እንዳልረሳው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። የፊትና የኋላ ጎማ ጥምዝ ላይ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም፤ ጠጠርና ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያካክሰዋል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጭንቀቱ ጥርሱ ላይ ያርፋል።

ሪራን አለፍን፤ ቀርከሃው አለፈ፤ ሽበት በመሰለ ሽበቶ የተሸፈኑት ትልልቅ ዛፎች መጡ፤ ከታች ደግሞ የጫካ ቡናው። ጋቢ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ካልሲ ወለቀ። ደሎ መና ስንገባ ባለቤቴና ትልቁ ልጅ ከአማቴ ጋር ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አማቴ ልጆቹን አገላብጠው ስመው ሲያበቁ አባቴን «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሏቸው። «መንገዱ ደህና ነው፣ ሾፌሩ ገና ነው» አሉ።

ስንመለስ የጭነት ቦታው በጫካ ማርና በቡና ተሞላ። አባቴ ከባድ ከባዱን ወደ ጋቢናው አስጠግተው፣ ዝቅ አድርገው ራሳቸው አስጫኑ። ባዶውን ሲዘልል የነበረው መኪና ጭነት ሲይዝ ረጋ አለ። ልክ እንዲህ ነው ባሌስትራ። ከመነሳታችን በፊት አንድ መካኒክ ተጨማሪ ቅጠል እንድጨምርበት ሲጎተጉተኝ ነበር፤ እንኳን አልሰማሁት። ሁልጊዜ ሲሚንቶ ለማይጭን ሰው የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ ወገብ ከመቁረጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

አሁን ወዳጆቼ ደብል ጋቢና ልገዛ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ ቤተሰብህ ስንት ነው እላለሁ። ስድስት ከሆነ ሌላ መኪና ይፈልግ። አምስት ከሆነ ኋላ ወንበር ላይ ሚስቱን፣ ልጁን፣ እናቱን አስቀምጦ ቢያንስ ደብረ ዘይት ደርሶ ይመለስ፤ የሦስቱም ቀበቶ መሥራቱን ይይ። ሻንሲና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይታያል።

የላሜራው ጣሪያ አሁንም አለ፤ ዕቃ ከዝናብ ያድናል። አግዳሚውን ግን አዲስ አበባ በገባን በማግሥቱ አስቆርጬ አወጣሁት። ግቢያችን በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት አባቴ ፀሐይ የሚሞቁት እሱ ላይ ነው።