አልጎርስ ያለ ሽጉጥ

አማርኛችን ስለ ጦር መሣሪያ ሲያወራ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሽጉጥ ጥይት ይጎርሳል፤ ሲተኮስ ባዶ ቀለሃውን ይተፋል፤ ሲያኮርፍ ደግሞ ጥይቱን ነክሶ ይቀራል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል። ሽጉጥ ላይ ግን አይሠራም። ሽጉጥ የሚፈልገው በልኩና በሰዓቱ የተሰጠ ጉርሻ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በአንድ ወዳጃችን ምክንያት ነው። ወዳጃችን ቨርጂኒያ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ነው። የታጠቀውም ሽጉጥ ወድዶ ሳይሆን የታጠቀ ጥበቃ ትንሽ ሻል ያለ ስለሚከፈለው ነው። ያቺ ትንሽ ሻል ያለች ገንዘብ በየወሩ አዲስ አበባ ገብታ የእናቱ የቤት ኪራይ ትሆናለች። በግዛቱ ሕግ የታጠቀ ጥበቃ የተኩስ ሥልጠናውን በየዓመቱ ማደስ አለበት። ታዲያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሽጉጡ መንከስ ጀመረ፤ በሃምሳ ጥይት ውስጥ አራት ጊዜ!

ሐበሻ ባለበት ምክር አይጠፋም። የቀድሞ ወታደር የነበሩ አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ዘይት አጠጣው» አሉት። የአክስቱ ልጅ «ሽጠውና ሌላ ግዛ» አለው። የሥራ ባልደረባው «እጅህ ነው የላላው» ብሎ ሞራሉን ነካው። ሁሉም እርግጠኞች ናቸው፤ ሽጉጡን ያየ ግን አንድም የለም። እኛም ቅዳሜ ተሰብስበን ወደ ተኩስ ልምምድ ማዕከል ሄድን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጥይቶቹ ካዝናው ውስጥ ተደርድረው ከሥር በሞላ ይገፋሉ። ሲተኮስ ላዩ ላይ ያለው ብረት ወደ ኋላ ይንሸራተትና ባዶውን ቀለሃ ያወጣል። ሲመለስ ደግሞ ከካዝናው አፍ ላይ ያለውን ጥይት እየገፋ በአንዲት ትንሽ ዳገት አስወጥቶ ወደ በርሜሉ ቤት ያስገባዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ነው። ጥይቱ በሰዓቱ ብቅ ካላለ ወይም አንገቱን በትክክል ካላቀና ዳገቱ ላይ ይቀረቀራል። አልጎርስ አለ የምንለው ያኔ ነው።

ታዲያ የቆመ ሽጉጥ ሁሉ ሕመሙ አንድ አይደለም። ባዶ ቀለሃ ቀጥ ብሎ ተሰንቅሮ ከታየ ችግሩ መትፋት ላይ እንጂ መጉረስ ላይ አይደለም። አሮጌው ቀለሃ በርሜሉ ቤት ውስጥ ቀርቶ አዲሱ ከኋላ ከገፋው ደግሞ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛ ጉርሻ እንደተሰጠው እንግዳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ቀለሃውን ስቦ የሚያወጣው መንጠቆ ነው። የኛው ግን የጥይቱ አፍንጫ ዳገቱ ላይ ተቀርቅሮ ነበር የሚገኘው። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ አምስት ሆኑ፦ ካዝናው፣ ጥይቱ፣ ቆሻሻው፣ የላይኛውን ብረት የሚመልሰው ሞላ እና የተኳሹ እጅ። ላላ ያለ እጅ ብረቱ በሙሉ ኃይሉ እንዳይመላለስ ስለሚያደርግ ባልደረባውም ጨርሶ የማይሆን ነገር አላወራም።

ሥራችንን የጀመርነው ሽጉጡን አጽድተን፣ ሦስቱን ካዝናዎች 1፣ 2፣ 3 ብለን በማርከር በመቁጠር ነው። ከዚያ አንድ ወረቀት ያዝን፦ የትኛው ካዝና፣ ስንተኛ ጥይት፣ ማን ተኮሰ። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀየርም።

ዘጠና ጥይት ተተኮሰ። አምስት ጊዜ ነከሰ፤ አምስቱም በ3 ቁጥር ካዝና! ተኳሽ ቀየርን፤ 3 ቁጥር ነከሰ። ሌላ ዓይነት ጥይት ገዛን፤ 3 ቁጥር ነከሰ። ወረቀቱን ስናየው ደግሞ አብዛኛው የነከሰው ካዝናው ሊያልቅ ሁለት ሦስት ጥይት ሲቀረው ነው። ሞላ ሲለጠጥ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ የደከመ ሞላ የሚጋለጠው እዚያ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ የ3 ቁጥርን ሞላ ለ1 ቁጥር፣ የ1 ቁጥርን ለ3 ቁጥር ሰጠን። ሕመሙ ከሞላው ጋር አብሮ ወደ 1 ቁጥር ተዛወረ። አበቃ። ዘይት አይደለም፣ እጅ አይደለም፣ ሽጉጡም አይደለም፤ አንድ የደከመ ሞላ ነው። አዲስ ተገዛ፤ ሁለት መቶ ጥይት ያለ ምንም ንክሻ አለፈ።

ለነገሩ የሽጉጥ ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1911 የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ሊመርጥ ሲል ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን የኮልት ሽጉጥ በ6 ሺህ ጥይት ፈተነው። ሲግልም ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያቀዘቅዙት ነበር። አንድም ጊዜ አልነከሰም፤ ተፎካካሪው ሳቬጅ ግን 37 ጊዜ ተበላሸ። የተመረጠው በዝና ወይም በምክር ሳይሆን በቆጠራ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከሁለቱ ቅዳሜዎች ያስደነገጠን መንከሱ ሳይሆን የነከሰ ሽጉጥ ያየ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ማዕከሉ ውስጥ ከጎናችን የነበረ አንድ ጎረምሳ ሽጉጡ ሲቆምበት አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ ሊያይ ሲል አሠልጣኙ እጁን ያዘው። የቆመ ሽጉጥ የሞተ ሽጉጥ አይደለም። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይቆያል፤ ጣት ከምላጩ ይርቃል። ምላጩ ተስቦ ካልተኮሰ ጥይቱ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይጠበቃል። ድምፁ ከወትሮው አንሶ «ጷ» ካለ ደግሞ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሌላ ጥይት አይከተልም። ከሁሉም በላይ፣ ካዝናው ወጣ ማለት ጥይቱ ወጣ ማለት አይደለም። አንዷ በርሜሉ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አገር ቤት በሠርግና በለቅሶ ሰማይ ላይ ሲተኮስ ያደግን ልጆች ይህችን አንዷን ጥይት የሚያስተምረን አላገኘንም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳይታጠቅ ይከለክላል፤ ፈቃድ ያለውን ሰው ግን ከዚህች ጥይት የሚያድነው ልማድ ብቻ ነው።

ወዳጃችን ፈተናውን አለፈ። የእናቱ ኪራይም በወሩ ደረሰ። በመልስ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ዝም ብለን ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የደከምነው፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳይሠራ የምንጸልይለትን ነገር በደንብ እንዲሠራ ለማድረግ ነው። ባለቤቱ ሽጉጡ ቤት ሲገባ ከልጃቸው ርቆ በቁልፍ ካልተቀመጠ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እውነቷን ነው። መጉረሱንስ አስተምረነዋል። የቀረው ምኞታችን ከዒላማ ወረቀት በቀር ዕድሜ ልኩን እንዲጾም ነው።