ሴዳር ሪቨርሳይድ፤ የስደተኞች ሰፈር

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ወደምትገኘው ሚኒያፖሊስ ጎራ ያለ እንግዳ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰሌዳ የተለጠፈባቸው ረጃጅም ፎቆች ከሩቅ ይታዩታል። ራልፍ ራፕሰን የተባለው አርክቴክት የነደፋቸውና እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቁት እነዚህ ሕንጻዎች 11 ሲሆኑ 1,303 መኖሪያዎች አሏቸው። ሀብታምና ድሃ አብረው ይኖሩበታል ተብሎ ነበር የታቀደው። ሀብታሙ ብዙም አልቆየበትም።

ሰፈሩ ከእኛ በፊትም የስደተኛ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊድኖች፣ ኖርዌጆችና ዴንማርኮች ሰፍረውበታል፤ ዋናውን መንገድም በከንፈር ከሚይዙት ትንባሆ የተነሳ «ስኑስ ቡሌቫርድ» ይሉት ነበር። ልጆቻቸው ኑሮ ሲቃናላቸው ወጡ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሶማሌዎች በብዛት፣ ከሀገራችንም በተለይ ኦሮሞዎች ገቡበት።

እኛ በ2000 መኸር ላይ ስንደርስ ስድስት ሆነን ሁለት ክፍል ውስጥ አረፍን። አባታችን ሌሊት ቢሮ ያጸዳሉ፣ እናታችን ቀን ፋብሪካ ይውላሉ፤ የሚገናኙት በር ላይ ነበር። ብዙም ሳንቆይ ረመዳን ገባ። በዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅ፣ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርደን ቤት ሳንደርስ መግሪብ ይሆናል። እናታችን በየኪሳችን ሦስት ሦስት ተምር ያኖሩልን ነበርና በረዶው ላይ ቆመን እናፈጥር ነበር። ጫማችን ግን የበረዶ አልነበረም።

ከብርዱ ይልቅ የከበደን ደብዳቤው ነው። የኪራዩን፣ የመብራቱን፣ የሐኪሙን ወረቀት ለወላጅ የሚተረጉመው ልጅ ነው። አባታችን በሀገራቸው ጸብ የሚያበርዱ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ኪራይ የምትቀበለው ጸሐፊ እሳቸውን ትታ ከእኛ ጋር ብቻ ስታወራ፣ ቆባቸውን በእጃቸው እያዟዟሩ ዝም አሉ። በስደት ቤት የወላጅ ሥልጣን ወደ ልጅ የሚዞረው እንዲህ ባለች ቀን ይመስለናል። እናታችን ግን ቶሎ ነቁ። ደብዳቤውን እኛ እናነባለን፤ መልሱን አባታችን ይወስናሉ፣ ራሳቸውም ይፈርማሉ። ማታ ቁርኣን የሚያስቀሩንም እሳቸው ነበሩ፤ ያን ጊዜ አስተርጓሚ አያሻም።

በ2020 ረመዳን፣ መስጊዶች በኮሮና ሳቢያ በተዘጉበት ወቅት፣ ከዳር አል-ሂጅራ መስጊድ አዛን በድምፅ ማጉያ ተሰማ። በ2023 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት አምስቱም አዛን እንዲሰማ ፈቀደ። አባታችን ዛሬም እዚያው ናቸው። የኪራይ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ራሳቸው ከፍተው ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚደውሉልን።