«ለጓደኛዬ ነው»

ወንድሜ ከወገዳ ሲደውልልኝ ወይ የሞባይል ካርድ ፈልጎ ነው፣ ወይ እናታችን «ድምጿን ልስማ» ብላ አስቸግራው ነው። የዛን ማታ ግን ድምፁ ተለየብኝ። «እታለም፣ አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? አንድ ጓደኛዬ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው...» አለና ዝም። እኔ ጋዜጠኝነት ተመረቅኩ እንጂ ሕክምና መች ተማርኩ? ግን ስማዳ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ከመሬት ካርታ እስከ ላም በሽታ የማትጠየቀው የለም።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። «ጓደኛው» የዘር ፈሳሹ ውስጥ ደም አይቷል። ሁለት ጊዜ። ሰውየው ሞቱን ቆርጦ፣ ለማን ስንት ብር ዕዳ እንዳለበት መቁጠር ጀምሯል። ጓደኛው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

የማውቀው ሐኪም ጋ ደወልኩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ብጠይቀው፣ እሱ ስለ ጉንፋን እንደሚያወራ ሰው መለሰልኝ። ከ40 ዓመት በታች የሆነ ወንድ አንዴ አይቶት ሌላ ምልክት ከሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት ዕጢ ወይም የዘር ቱቦ መቆጣት ነው፤ ጨብጥና መሰሎቹም ያመጡታል፣ ቲቢም ከሳንባ አልፎ እዚያ ይደርሳል።

ከተመላለሰ ግን፣ ሽንት ውስጥም ደም ከታየ፣ ሽንት ካቃጠለ ወይም አልወጣ ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ የዘር ፍሬ ካበጠ ሐኪም ቤት ነው። ዕድሜው 40 ያለፈ ደግሞ አንድ ጊዜም ቢያይ ይመርመር፤ ፕሮስቴቱ መታየት አለበት። ምርመራው የሚጀምረው በሽንት፣ በደምና በግፊት ልኬት ነው፤ ወንዶቻችን እንደሚያስቡት በቢላዋ አይደለም።

ከዚያ ሐኪሙ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ፦ «ልጁ የት የት ሠርቷል?»

የጋይንትና የስማዳ ወጣት ለቀን ሥራ ቆላ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ፤ መተማ፣ ሁመራ፣ አንዳንዱም አዋሽ ጥጥ ለቀማ። ለካ ቢልሃርዚያ ሁለት ዓይነት አለው። ጣና ዙሪያ የሚታወቀው አንጀትን የሚያጠቃው ነው። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ደግሞ አገራችን ውስጥ የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ጥቂት ቆላዎች ነው፤ ረግረጉ ውስጥ በእግሩ የገባ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሽንትንም ዘርንም ደም ያደርጋል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ትሉን ይገድለዋል። ግን ደገኛ ልጅ ደጋ ላይ ሆኖ ሲታመም፣ አዋሽ ከርሜ ነበር ካላለ ማን ይጠረጥራል?

መልሼ ደወልኩ። «ጓደኛህ አዋሽ ወርዶ ያውቃል?»

«ሁለት በጋ ከርሜ... ከርሞ ያውቃል!»

ሳቄን ዋጥኩት። በሳምንቱ ደብረ ታቦር ሄደ። ሽንቱ ታየ፣ ትሉ እንቁላል ተገኘበት፣ መድኃኒቱን ወሰደ። «ጓደኛዬ ተሽሎታል» ብሎ ነገረኝ፣ እኔም እግዚአብሔር ይማረው አልኩ።

ስልኩን ልዘጋ ስል ነው ሌላውን ያመጣው። እስቴ ያለው አጎታችን፣ 60 ያለፈው፣ ይኸው ነገር ከፋሲካ ጀምሮ ይመላለስበታል። ወንድሜ የራሱን ሲነግረው ነው እሱም የተናገረው። እስካሁን ሥር እየቀቀለ ይጠጣ ነበር። ለሚስቱም አልነገራት።

«እሺ ይላል ብለሽ ነው?» አለኝ ወንድሜ።

«ብቻውን አይሄድም። አንተ ይዘኸው ሂድ፣ የምርመራውን እኔ እልካለሁ» አልኩት። ቅዳሜ እስቴ ይሄዳል።