ስንቅ አያሳፍርም

አንባቢ ሆይ! ደመወዝህ እንደ እኔ ወር የማያደርስ ከሆነ ይህችን ልብ ብለህ አንብባት።

ወደ መካነ ሰላም ተዛውሬ የኪራይ ቤት እስካገኝ ድረስ ከባለቤቴና ከ2 ልጆቼ ጋር ሆቴል ሰነበትሁ። ከደሴ ስንነሣ እናቴ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ቋጥራልን ነበር። እኔ ግን «የመንግሥት ሠራተኛ ስንቅ ተሸክሞ ሆቴል ይገባልን?» ብዬ ከሻንጣው ሥር ቀበርሁት።

በ3ኛው ቀን ሒሳቡ ሲመጣ ምግቡ ከአልጋው በልጦ ተገኘ። የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ «ጠግቤአለሁ» ብላ ድርሻዋን ወደ ልጆቹ ስትገፋ አየሁ። አለመጥገቧን ዐወቅሁ። ለካስ የኩራቴን ዋጋ የምትከፍል እርሷ ኖራለች!

በማግሥቱ ስንቁን ፈታሁ። ቁርሳችን በሶ ሆነ። ለምሳ በየራሳችን ማዘዙን ትተን 1 በያይነቱ አዝዘን እንጀራ አስጨመርን፤ በአንድ ትሪ መብላት የአገር ወግ ነውና ማንም አልታዘበንም። ለራት 1 ሽሮ አዝዘን፣ ባለሆቴሏን አስፈቅደን፣ ድርቆሹን ፈተፈትንበት። ልጆቹ ትሪውን ጠረጉት፤ ባለቤቴም በላች።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘማች እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ሲከት ስንቁን ይዞ ነበር። እርሱ ያላፈረበትን እኔና አንተ ምን አሳፈረን? ለሰው ዓይን ሲባል የሚወጣ ገንዘብ ከልጆች ጉሮሮ የሚነጠቅ ነው።