በጠፋ ስክሪን

መብራት ሲጠፋ ጌም ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ የ«ብሬን መልስ» ክርክር፣ ከዚያ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ሽሮ ሜዳ እኔ በማዘወትረው ቤት ግን ጆይስቲኩን የማይለቅ አንድ ልጅ አለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አውራ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ስንት ቀን ስቀንበታል! ፔናሊቲ ላይ ግን እሱን የረታ አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ወጥቼ፣ ሯጮቹ በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ሲገፉት እያየሁ፣ የልጁ ነገር ከአበበ ቢቂላ ጋር ገጠመብኝ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን። የክብር ዘበኛው አበበና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አይተውት ነበር፤ ማምለጫውንም የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞበት የነበረው ስፍራ እንዲሆን ቆርጠዋል። (ጣሊያን የወሰደችው ሐውልት ለዚህ ይጠቅመናል ብሎ ማን አሰበ?) ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን መጣ፣ ሐውልቱ ጋ ተፈተለከ፣ በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። እኔ እንደሚመስለኝ ያቺን ማምለጫ አበበ በሐሳቡ ብዙ ጊዜ ሮጧታል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የአንጎል ተመራማሪው አልቫሮ ፓስኩዋል-ሊዮንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ለ5 ቀን በቀን 2 ሰዓት ፒያኖን በሐሳባቸው ብቻ የተለማመዱ ሰዎች ጣትን የሚያዘው የአንጎላቸው ክፍል፣ ቁልፉን እየነኩ እንደተለማመዱት ሰዎች ሁሉ ተለውጦ ተገኝቷል። በአጨዋወት ግን የነኩት በልጠዋል። ስለዚህ ሰነፎች፣ ደስ አይበላችሁ።

እኔም እዚያው እንጦጦ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ ጌሙን በሐሳቤ ሞከርኩት። 90ኛው ደቂቃ፣ 1 ለ 1። አገባሁ። ደገምኩ፤ አሁንም አገባሁ። ለካ ተጋጣሚዬም እኔው ነኝ! ዋንጫ መሳም እንጂ ልምምድ አልነበረም። ከዚያ ጎል እንዲቆጠርብኝ ፈቀድኩ። የተጋጣሚዬን ጭፈራ፣ የላበውን መዳፌን፣ ኳሷ ከመሀል ስትጀመር የምሳሳተውን የጥድፊያ ቅብብል ሳይቀር፣ ሳላፈጥን አሰብኩት። ደከመኝ። ያኔ ነው እየሠራሁ መሆኔ የገባኝ።

ብርዱ ግን አላስቀመጠኝም። 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የደነዘዘ አውራ ጣት ጌም ቤት ያለውን አይመስልም። የጌም ቤቱ አግዳሚ፣ ጫጫታው፣ ከኋላ ቆሞ የሚመክረው ሰውዬ፣ ሁሉም የልምምዱ አካል ናቸው።

እና የጌም ቤት ልጆች፣ ዛሬ መብራት ከጠፋ፣ ብራችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ጆይስቲኩን ያዙና 5 ፔናሊቲ ምቱ። 2ቱን ሳቱ።