ለምን ለሰው አልተናገሩም?

«ፎል» የሚባለውን ፊልም ያላያችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ፤ መጨረሻውን ጨምሬ ነው የማወራው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ፊልም ነው። ቤኪ የምትባል ወጣት ባሏ ገደል ሲወጣ ወድቆ ሞቶባታል። ዓመት ሊሞላው ምንም ባይቀረውም ሐዘኑ አልወጣላትም፤ ከአባቷ ጋርም ተኳርፋለች። ጓደኛዋ ሀንተር ትመጣና ፍርሃትሽን እንጋፈጠው ብላ በረሃ መሀል የቆመ አሮጌ የቴሌቪዥን ማማ ላይ ይዛት ትወጣለች። ማማው 2000 ጫማ ነው፣ 610 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ያላችሁ የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ቀና ብላችሁ እዩት፤ ሦስቱን ብትደራርቡት ወደዚያ ይጠጋል። ሊወርዱ ሲሉ የዛገው መሰላል ተገንጥሎ ይወድቃል። ውሃ የያዘው ቦርሳ ከታች የሳተላይት ሳህን ላይ ያርፋል። ሁለቱ ከአንድ ጠረጴዛ በማይሰፋ ወለል ላይ ይቀራሉ። አለቀ፣ ፊልሙ ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን እኔ ቤት አየነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ ከቢሮ የተዋስኩት ፕሮጀክተር፣ አንድ ትልቅ ሳህን ፈንዲሻ። ከአምስታችን አራታችን ኢንጂነሪንግ ነው የተማርነው፤ ስለዚህ ፊልሙን ማየት ሳይሆን መገምገም ነው የያዝነው።

ሲቪል የተማረው ጓደኛችን ገና ሲወጡ ጀመረ። «እየተነቃነቀ እያየችው ትወጣለች እንዴ? ይቺ መሞት አለባት!» ላይ ሲደርሱ ስልካቸው ኔትወርክ አጣ። «610 ሜትር ላይ ኔትወርክ ከሌለ የት ሊኖር ነው?» ብለን ጮህን። ቴሌኮም የሚሠራው ጓደኛችን ግን ትክክል ነው አለ፤ የስልክ አንቴና ወደ ምድር ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚተከለው፣ ተጠቃሚው ያለው መሬት ላይ ነዋ፣ ሰማይ ላይ ላለ ሰው ብሎ ማን ይተክላል? እኔ ደግሞ በስልኬ ሒሳብ ሠርቼ ከመሬቱ ይልቅ እነሱ ያሉበት በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ብዬ አወጅኩ። ማንም አልሰማኝም።

ፊልሙ ርካሽ ነው፤ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የወጣበት። ለሆሊውድ ይሄ የሻይ ቡና ነው። ዳይሬክተሩ ስኮት ማን ከኮምፒውተር ከፍታ ይልቅ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ተራራ አናት ላይ፣ ገደል አፋፍ፣ 30 ሜትር ገደማ የሚሆን የማማ ጫፍ አሠርቶ እዚያ ቀረጸ። ከኋላቸው የሚታየው ርቀት የእውነት ርቀት ነው። እኔን ደሞ በሙያዬ የሳበኝ ሌላ ነገር ነበር። ተዋናዮቹ ሲቀረጹ ከ30 ጊዜ በላይ ተሳድበዋል፤ በዚያ ስድብ ፊልሙ ለታዳጊዎች አይፈቀድም። እንደገና ለመቅረጽ ገንዘብ የለም። ስለዚህ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ ቀይረው ስድቡን በሌላ ቃል ተኩት። አንድ ጊዜ ከአፍ የወጣ ቃል ከወራት በኋላ ተመልሶ ተስተካከለ ማለት ነው። ይህንን ለጓደኞቼ እየተንተባተብኩ ሳስረዳ አምስተኛው ሰው ዝም ብሎ ፊልሙን ያይ ነበር።

አምስተኛው ሰው የአክስቴ ልጅ ነው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ወልድያ ነው ያደገው፤ አሁን አዲስ አበባ የአልሙኒየም በርና መስኮት ይሠራል። ያን ሳምንት እኔ ጋ ነበር ያረፈው።

ፊልሙ መሀል ላይ ሁለቱ ሴቶች ማማው ላይ ከተገኘ ሳጥን የምልክት ሽጉጥ አውጥተው ሰማይ ላይ ይተኩሳሉ። ከታች በመኪና ያደሩ ሁለት ወንዶች ምልክቱን ያዩታል። ሴቶቹ ዳንን ብለው ሲጮሁ ሰዎቹ መኪናቸውን ሰርቀው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ቤቱ ተናጋ። «ኧረ ይሄ የማይመስል ነገር ነው!» «ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል?» «ለማስጨነቅ ብለው ነው የጨመሩት!»

«ይሄማ እውነት ነው» አለ የአክስቴ ልጅ።

ፊልሙ ከጀመረ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ነበር። ዞር አልን።

«አንድ ልጅ ወድቆ ቀርቶብን ነበር፤ አሳል ሐይቅን አለፍ ብለን። ጫማውን ያወለቀለት ሰው ከኛው ጋር ነው የሄደው።» ትንሽ ቆየና ጨመረበት። «ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የራሱ አልቆበት ነው።»

አሳል ጅቡቲ ውስጥ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ ከአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ቦታ። ከኛ አገር ወደ ሳዑዲ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ከአፋር ተሻግረው በዚያ በኩል ነው ወደ ታጁራና ኦቦክ የሚያልፉት፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። የሐይቁ ዳር ጨው ነው፣ ከሩቅ በረዶ ይመስላል። ውሃው አይጠጣም። የአክስቴ ልጅ በ2009 ዓ.ም. በዚያ ሄዷል። ሦስት ዓመት ሠርቶ ተይዞ፣ ታስሮ፣ በአውሮፕላን ነው የተመለሰው። ስለ መንገዱ ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ፊልሙን አስቁመን ነበር። እሱ ራሱ «ክፈቱት እንጂ» አለ። ቤኪ ጥንብ አንሳ ገድላ እስክትበላ ድረስ፣ ሀንተር ቀድማ ሞታ ቤኪ ስታወራት የነበረው ከሐሳቧ ጋር እንደሆነ እስኪገለጥ ድረስ ማንም ብዙ አልቀለደም።

መብራት ስናበራ ግን ግምገማው ተመለሰ። ቴሌኮም የሚሠራው ጓደኛዬ «ሁሉም ይቅር፣ ለአንድ ሰው እዚህ ቦታ ነን ብለው ቢናገሩ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ለምን ለሰው አልተናገሩም?» አለ። ሁላችንም ተስማማን። የአክስቴ ልጅ ፈንዲሻውን እየለቀመ፣ «ምናልባት የደወሉለት ሰው ሥራ ይዞ ይሆናል» አለ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኔ 2009 ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። የፈተና ሳምንት። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ላይብረሪ ውስጥ እያለሁ ደወለ። ወጥቼ አነሳሁት። ሰላም ተባባልን፤ ከዚያ ዝም አለ። «ምነው፣ ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ እንዲሁ ነው» አለ። «ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፣ ነገ ልደውልልህ?» አልኩ። «እሺ፣ በርታ» ብሎ ዘጋው።

ነገ አልደወልኩም። በሦስተኛው ቀን ስደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። በሳምንቱ አክስቴ ለእናቴ ደውላ «እናንተ ጋ አልመጣም ወይ?» አለች። ወሬው ሲሰማ ዶርም ውስጥ ምን እንዳልኩ በደንብ አስታውሳለሁ። «በሰኔ? በዚያ ሙቀት? ካርታ አያይም እንዴ?» ከሳምንት በፊት እንደደወለልኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለአክስቴም።

ሥራ ቦታ አንድ ሲስተም ሲወድቅ ፖስትሞርተም እንጽፋለን። ጥሩ ቡድን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ «ማን አጠፋ?» አይባልም። የሚጠየቀው፣ ሰውየው ያንን በተን ሲጫን ስክሪኑ ላይ ምን ይታየው ነበር የሚለው ነው። ውጤቱን ካወቅህ በኋላ ስህተቱ ሁልጊዜ ግልጽ ነው። «ፎል» ይሄን በደንብ ያሳያል። ሴቶቹ ሲወጡ ካሜራው ደጋግሞ የመሰላሉን ብሎን ያቀርብልናል፤ ሲላላ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲወድቅ። እኛ «አትውጪ!» ብለን የምንጮኸው ከቤኪ ስለምንበልጥ አይደለም፤ ብሎኑን ስላሳዩን ነው። እሷ ብሎኑን አላየችም።

የአክስቴ ልጅም ካርታውን አላየም። የሚያየው የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ ነበር፤ ልጃቸው ከሳዑዲ በላከው ብር የተሠራ። ሞኝ ነው ማለት ለኔ በጣም ይመቸኝ ነበር። እሱ ሞኝ ከሆነ እኔ ያን ስልክ ብዘጋውም ባልዘጋውም ለውጥ የለውም ማለት ነው።

ጓደኞቻችን ከሄዱ በኋላ አንሶላውን እያጠፍን ጠየቅኩት። ስምንት ዓመት ልጠይቀው ያልቻልኩትን ነው የጠየቅኩት።

«ያን ቀን ልትነግረኝ ነበር?»

ወዲያው ገባው። የቱን ቀን አላለኝም።

«እንድትከለክለኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ» አለ። «ወይ ደሞ አምስት መቶ ብር እንድትልክልኝ። አሁን አላስታውስም።»

«ይቅርታ» አልኩት።

«ፈተናውን አለፍክ?»

«አለፍኩ።»

«እንግዲያው ምን ይቅርታ አለው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ እንዳልተቆጣ ያሳያል፤ እንደረሳው ግን አያሳይም።

ከመተኛታችን በፊት ስለ ፊልሙ የራሱን አስተያየት ጠየቅኩት። እኛ ሁላችን ስንጮህ እሱ አልገመገመም ነበር። መጨረሻው ላይ ቤኪ ስልኳን የጓደኛዋ አስከሬን ውስጥ ደብቃ ወደ ታች ትጥለዋለች፤ መሬት ሲደርስ መልእክቱ ለአባቷ ይሄዳል፣ አባትየው ከነፖሊሱ ይደርሳል፣ ትድናለች።

«ጥሩ ነው» አለ የአክስቴ ልጅ። «ጥማቱን ትንሽ አሳንሰውታል እንጂ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልመሰለኝም።»

«ምኑ?»

«መልእክቱ እንደደረሰው መምጣቱ።»